የጄኔቫው የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ውሳኔ የሚያልፈው እንዴት ነው? ፕሬዚዳንቱስ በምን ተራ ይቀያየራል?

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰብአዊ መብት ክበብ አስተባብራለሁ። ክበቡ የተመድን የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት የሚመስል የአንድ ቀን ምስለ ጉባኤ ሊያዘጋጅ ነው። አዳራሹ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተፈቅዶልናል፤ ተማሪዎቹ 38 ናቸው።

ልጆቹ የሚያውቁት «47 አባል አገሮች አሉት፣ በአብላጫ ድምፅ ይወስናል» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ አልፈው ሲጠይቁኝ ግን መልሱ ቀላል አይደለም። አብላጫ የሚባለው የ47ቱ ግማሽ ሲደመር አንድ ነው ወይስ የተገኙት ብቻ ይቆጠራሉ? ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ማን ይለያል? ፕሬዚዳንቱ ስንት ጊዜ ያገለግላል፣ አህጉራቱስ ተራ የሚይዙት በምን ቅደም ተከተል ነው? አንዷ ተማሪ ደግሞ «የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ ጄኔቫ ምን ያደርግልናል?» ብላለች፤ የአፍሪካው ኮሚሽን አሠራር በምን ይለያል?

ደንቡን በደንብ የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

---

ሰነድ አገላባጭ

መምህር፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው አብላጫው ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

ምክር ቤቱ ሁለት ዓይነት አብላጫ ያውቃል፤ አንዱ ለመግባት ነው፣ ሌላው ለመወሰን። አባላቱን የሚመርጠው ኒው ዮርክ ያለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ድምፁ በምስጢር ይሰጣል፤ ለመመረጥ ከ193ቱ አገሮች የቢያንስ 97ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የተገኘ ያልተገኘ የሚል ቅናሽ የለም። ወንበሮቹ በአምስት የአገሮች ቡድን ተከፍለዋል፦ አፍሪካ 13፣ እስያና ፓስፊክ 13፣ ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን 8፣ ምዕራብ አውሮፓና ሌሎች 7፣ ምሥራቅ አውሮፓ 6። የአባልነት ዘመኑ ሦስት ዓመት ነው። ሁለት ዘመን በተከታታይ የቆየ አገር ወዲያውኑ ለሦስተኛ ጊዜ መወዳደር አይችልም። ኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2018 ሁለቱን ዘመን ጨርሳ ወጣች፤ ኋላ በጥቅምት 2024 ለ2025–2027 እንደገና ተመረጠች።

ቡድኖቹ ብዙ ጊዜ በቁጥር ልክ ያቀርባሉ። በ2024 አፍሪካ ለ5 ወንበር ያቀረበችው 5 አገር ነበር፦ ቤኒን፣ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ ኢትዮጵያ፣ ጋምቢያና ኬንያ። እንዲህ ሲሆን ምርጫው ከስም ያለፈ ትርጉም አይኖረውም፤ 97ቱ ድምፅ በሕግ ቢጠየቅም የሚከለክል ተፎካካሪ የለም። ፉክክር ያለበት ቡድን ግን ይለያል። በዚያው ቀን በእስያ ለ5 ወንበር 6 አገሮች ቀርበው ሳዑዲ ዓረቢያ ወደቀች። በ2023 ምሥራቅ አውሮፓ ላይ ለ2 ወንበር 3 ተወዳድረው ቡልጋሪያ 160፣ አልባኒያ 123 ሲያገኙ ሩሲያ በ83 ቀረች።

አሁን ወደ ጄኔቫ። የውሳኔ ሐሳብ የሚያልፈው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት መካከል ድጋፉ ከተቃውሞው ሲበልጥ ነው። ድምፀ ተአቅቦ ድምፅ እንደ መስጠት አይቆጠርም። ከቃሉ ይልቅ ቁጥሩን ይመልከቱ። በታኅሣሥ 17 ቀን 2021 ስለ ኢትዮጵያ በተጠራው 33ኛ ልዩ ስብሰባ፣ የባለሙያዎች ኮሚሽን የሚያቋቁመው ውሳኔ ያለፈው በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ተአቅቦ ነው። 21 የ47 ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ግን አለፈ። ተአቅቦ ካደረጉት ውስጥ 6ቱ ወደ ተቃውሞ ቢዞሩ ኖሮ 21 ለ21 ይሆንና ይወድቅ ነበር። ምክንያቱም ከምርጫ ውጪ ባለ ጉዳይ ድምፅ እኩል ሲከፈል ሐሳቡ ውድቅ እንደሆነ ይቆጠራል፤ የሚለይ ሰው የለም። በጥቅምት 2022 ሥልጣኑ ሲታደስ ውጤቱ 21 ለ19፣ ተአቅቦ 7 ሆነ። የስድስቱ ርቀት ወደ ሁለት ወረደ ማለት ነው። በ2023 ማደሻ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበ ስላልነበረ ሥልጣኑ በጊዜው አበቃ። (የፖለቲካ ክርክሩን ሌላ ቦታ እናድርገው፤ እዚህ ቁጥሩ ብቻ ይበቃናል።)

ሐሳብ ሲወድቅ ለማሳየት ሁለት ምሳሌ አለ። በጥቅምት 2021 የየመን መርማሪ ባለሙያዎችን ሥልጣን ለማደስ የቀረበው 18 ለ21፣ ተአቅቦ 7 ሆኖ ወደቀ። በጥቅምት 2022 ደግሞ በቻይና ስላለው የዢንጂያንግ ክልል ውይይት ይደረግ የሚለው ሐሳብ 17 ለ19፣ ተአቅቦ 11 ሆኖ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ ልብ በሉ፤ አሥራ አንዱ «አላውቅም» ማለታቸው አልነበረም። ተአቅቦ ራሱ አቋም ነው፤ «አልከለክልም፣ ስሜንም አላስገባም» የሚል።

ሦስተኛ ዓይነት አብላጫም አለ፣ እሱም የሚገኘው ኒው ዮርክ ነው። አባልን ከምክር ቤቱ ለማገድ ጠቅላላ ጉባኤው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛውን ይጠይቃል። ሊቢያ በመጋቢት 2011 ታገደች። ሩሲያ በሚያዝያ 2022 በ93 ድጋፍ፣ በ24 ተቃውሞና በ58 ተአቅቦ ታገደች። ተአቅቦው እዚህም አልተቆጠረም፤ ቢቆጠር ኖሮ 93 ከ175 ሁለት ሦስተኛ አይደርስም ነበር።

---

አባዶ 3

የፕሬዚዳንቱን ተራ እኔ ልውሰደው።

ፕሬዚዳንት የሚሆነው የአንድ አባል አገር ተወካይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጄኔቫ ያለው አምባሳደር። የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ሲሆን ከጥር 1 እስከ ታኅሣሥ 31 ይቆያል። ለዚያው ቦታ ወዲያውኑ ደግሞ መመረጥ አይቻልም። ከእሱ ጋር አራት ምክትል ፕሬዚዳንቶች ይመረጣሉ፤ ከቀሩት አራት ቡድኖች አንድ አንድ። ከአራቱ አንዱ የራፖርተርነቱን (የሪፖርት አዘጋጅነቱን) ሥራ ደርቦ ይይዛል። አምስቱ አንድ ላይ ቢሮው ይባላሉ። የቢሮው ሥልጣን የሥነ ሥርዓትና የአደረጃጀት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስለ አንድ አገር ይዞታ ምንም አይወስንም።

ተራው እንደ ዕቁብ በዕጣ አይወጣም፤ ቡድኖቹ እየተከታተሉ ይዞራሉ። የቅርቡን ዙር ብትከተሉት ይገባችኋል፦ 2021 ፊጂ (እስያና ፓስፊክ)፣ 2022 አርጀንቲና (ላቲን አሜሪካ)፣ 2023 ቼክ (ምሥራቅ አውሮፓ)፣ 2024 ሞሮኮ (አፍሪካ)፣ 2025 ስዊዘርላንድ (ምዕራብ አውሮፓና ሌሎች)። ከዚያ ተመልሶ እስያ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በ2006 የሜክሲኮው ሉዊስ አልፎንሶ ደ አልባ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ሩማኒያ፣ ናይጄሪያ፣ ቤልጂየም፣ ታይላንድ። ያው ዙር ነው። አፍሪካ እስካሁን ናይጄሪያን፣ ጋቦንን፣ ሴኔጋልንና ሞሮኮን አቅርባለች። ዓመቱ ድሮ የሚጀምረው በሰኔ ነበር፤ ወደ ጥር ሲዛወር በመሐል የነበሩት የኡራጓይዋ ላውራ ዱፑይ ላሴር ስድስት ወር ተጨምሮላቸው እስከ 2012 መጨረሻ ቆዩ።

የሚበላሸው የት ነው? ተራው የቡድኑ እንጂ የአገሩ አይደለም። ቡድኑ ውስጥ ተስማምተው አንድ ስም ካቀረቡ ያለ ድምፅ በጭብጨባ ያልፋል። ካልተስማሙ 47ቱ በምስጢር ድምፅ ይለያሉ። በ2021 እስያ ሦስት አቅርባ ፊጂ 29፣ ባሕሬን 14፣ ኡዝቤኪስታን 4 አገኙ። ነገሩ በታኅሣሥ ስላላለቀ ምክር ቤቱ እስከ ጥር 15 ድረስ ዓመቱን ያለ ፕሬዚዳንት ጀመረ። በ2024 የአፍሪካ ተራ ሲደርስ ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ ተፋጥጠው ጥር 10 ቀን 30 ለ17 በሞሮኮ አሸናፊነት ተቋጨ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ እጩው አገር በዚያ ዓመት አባል መሆን አለበት። የአባልነት ዘመኑ በታኅሣሥ የሚያልቅበት አገር ካልታደሰለት ለቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንትነት አይታጭም። 

---

ወንድሙ ከሰበታ

ግን ድምፅ እኩል ሲሆን ፕሬዚዳንቱ ይሰብራል ተብሎ አይደል? ብዙ ጉባኤ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

---

ሰነድ አገላባጭ

ወንድሙ፣ እዚህኛው ምክር ቤት እንደዚያ አይሠራም። የሚሠራበት ደንብ የጠቅላላ ጉባኤው ዋና ኮሚቴዎች ደንብ ነው፤ በእሱ መሠረት ሰብሳቢው ድምፅ አይሰጥም፣ ከልዑካን ቡድኑ ሌላ ሰው በአገሩ ስም ይሰጣል። ለዚህ ነው በ2024ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫም 30 እና 17 ተደምሮ 47 የሚሞላው። አንተ የምታስታውሰው የሰብሳቢ መለያ ድምፅ በአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 42 ላይ አለ፤ ያ ግን ጋምቢያ፣ ባንጁል ያለው የአፍሪካው ኮሚሽን ነው።

የፕሬዚዳንቱ ጉልበት ያለው በሹመት ላይ ነው። ልዩ ራፖርተሮችን፣ ማለትም ስለ አንድ ጉዳይ ወይም አገር የሚያጠኑ ገለልተኛ ባለሙያዎችን፣ የሚያጣራ ከአምስቱ ቡድን አንድ አንድ ሰው የተወከለበት አማካሪ ቡድን አለ። እሱ የእጩዎች ዝርዝር ለፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ ስሙን ለይቶ ለምክር ቤቱ ያቀርብና ሲጸድቅ ሹመቱ ይጸናል። አንድ ባለሙያ በአንድ ሥልጣን ላይ ከስድስት ዓመት በላይ አይቆይም። የምርመራ ኮሚሽን አባላትን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይሰይማል። በኢትዮጵያው ጉዳይ ሦስቱን ባለሙያዎች በመጋቢት 2022 የሰየሙት የዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት፣ የአርጀንቲናው ፌዴሪኮ ቪዬጋስ ነበሩ።

---

የገላኑ

መምህር፣ የእኔ ነገር ስለ ቅዳሜው ነው። 47 ወንበር ለ38 ልጅ አይሆንም፤ በግማሽ አሳንሱት። 23 አባል አገር አድርጉና መጠኑን ጠብቁ፦ አፍሪካ 6፣ እስያ 6፣ ላቲን አሜሪካ 4፣ ምዕራብ 4፣ ምሥራቅ አውሮፓ 3። ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ስለማይሰጥ ለአገሩ ሁለተኛ ልጅ ጨምሩ፤ 24 ሆነ። 7 ታዛቢ አገሮች፣ 4 የሲቪል ማኅበራት ተወካዮች፣ 3 የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች። 38 ሞላ።

ታዛቢዎቹን አትናቁ። አባል ያልሆነ የተመድ አገር ይናገራል፣ የውሳኔ ሐሳብ አብሮ ያቀርባል፣ በምክክር ላይ ቃል ያስቀይራል፤ በዋናነት የማይችለው ድምፅ መስጠት ነው። በምስለ ጉባኤ ላይ ሁልጊዜ የሚታየው ስሕተት የአብሮ አቅራቢዎችን ስም ደምሮ «አልፏል» ማለት ነው። ከሃያ አብሮ አቅራቢ አሥራ አምስቱ ታዛቢ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰዓቱን እንዲህ ብትከፍሉት፦ 3 ሰዓት ላይ መክፈቻና የቢሮ ምርጫ። ከሁለት ቡድን የመጡ እጩዎች እንዳይጋጩ የዓመቱን ተራ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ተራ የደረሰው ቡድን ብቻውን ወጥቶ አሥር ደቂቃ ይምከር። ካልተስማሙ በብጣሽ ወረቀት በምስጢር። ከ3፡45 እስከ 5፡30 አጠቃላይ ውይይት። ከዚያ እስከ 7 ሰዓት ምክክር። የምክር ቤቱ ደንብ አቅራቢው ለሁሉም ክፍት የሆነ ምክክር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ ይህን አትዝለሉት፤ ትክክለኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። 7 ሰዓት ላይ የረቂቅ ማስገቢያው ይዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጣ ረቂቅ አይቀበሉ፤ አንዴ ከላላ እስከ ማታ ሲጎርፍ ይውላል። ለአንድ ቀን ሁለት ረቂቅ ይበቃል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ያበላሻል።

ምሳ ተበልቶ 8 ሰዓት ላይ ወደ ድምፅ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ፕሬዚዳንቱ የረቂቁን ቁጥር ይጠራል፤ ዋና አቅራቢው ያስተዋውቃል። ማሻሻያ ያለው አገር ያቀርባል፤ አቅራቢው ማሻሻያውን ከወደደው በቃል አርሞ ያስገባዋል፣ ድምፅ አያስፈልግም። ከዚያ አባላት አጠቃላይ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ረቂቁ ስለ አንድ አገር ከሆነ ያ አገር አባልም ባይሆን ይናገራል። ጽሕፈት ቤቱ የሚያስወጣውን ወጪ ያሳውቃል። ቀጥሎ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አቋሙን ማብራራት የሚፈልግ አገር ያብራራል፤ የረቂቁ አቅራቢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ «ድምፅ የጠየቀ አለ?» ይላል። ማንም ካልጠየቀ ያለ ድምፅ ጸድቋል ብሎ መዶሻውን ይመታል። እውነተኛው ምክር ቤትም ከግማሽ የሚበልጠውን ውሳኔ የሚያጸድቀው እንዲህ ነው። አንድ አባል ብቻ ድምፅ ይቆጠር ካለ ግን ግድ ይቆጠራል።

ተቀባይነት ያላገኘ ማሻሻያ ካለ ከረቂቁ በፊት ድምፅ ይሰጥበታል። ማሻሻያው ከአንድ በላይ ከሆነ በይዘት ከረቂቁ በጣም የራቀው ይቀድማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀለል ያለው ቀድሞ ካለፈ ከባዱን ማንሳት ትርጉም ያጣል። ድምፅ መስጠት ከተጀመረ በኋላ ማቋረጥ የሚቻለው በድምፅ አሰጣጡ ላይ ላለ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ብቻ ነው። ልጆች ይህንን ካላወቁ በመሐል ተነስተው ንግግር ይጀምራሉ።

---

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋብን በኮምፒውተር ድምፅ መቁጠር አልችልም፤ በእጅ ቢሆን ችግር አለው? ደግሞ ተማሪዎቹ ልዩ ስብሰባ መጥራት ይፈልጋሉ፤ ደንቡ ምን ይላል?

---

አባዶ 3

ልዩ ስብሰባ የሚጠራው አንድ አባል ሲጠይቅና ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲደግፉት ነው፤ ከ47ቱ 16 ማለት ነው። በእናንተ 23 ላይ 8። ታዛቢ አገር ሊፈርም ይችላል፣ ግን ከ16ቱ አይቆጠርም። ጥያቄው በይፋ ከደረሰ በኋላ ስብሰባው ከሁለት የሥራ ቀን በፊት አይጠራም፣ ከአምስት የሥራ ቀንም አያልፍም። ለአንድ ቀን ጉባኤያችሁ ይህን በሰዓት ብትተኩት ይሻላል፦ ጥያቄው ከገባ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይጀመር። ማስታወስ ያለባችሁ፣ ለመጥራት 16 መብቃቱ ለማጽደቅ ይበቃል ማለት አይደለም። በ16 ድጋፍ ተጠርቶ በ17 ተቃውሞ የሚወድቅ ረቂቅ ሊኖር ይችላል፤ ልጆቹ ፊርማ ሲሰበስቡ ይህን ሒሳብ አብረው ይሥሩ።

---

የገላኑ

በእጅ መቁጠሩ ችግር የለውም። ሦስት ቀለም ካርቶን ለየአገሩ አድሉ፤ አረንጓዴ ድጋፍ፣ ቀይ ተቃውሞ፣ ቢጫ ተአቅቦ። ሦስቱ የጽሕፈት ቤት ልጆች አንድ አንድ ቀለም ብቻ ይቁጠሩ። ከዚያ ሦስቱን ደምሩና በአዳራሹ ካሉት አባላት ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ አንድ አገር ሁለት ካርድ አንስቷል ወይ ጨርሶ አላነሳም ማለት ነው። ያላነሳው «አልተሳተፈም» ተብሎ ይጻፍ፤ ከተአቅቦ ጋር አትቀላቅሉት፤ የየመኑ ድምፅ ተደምሮ 46 የሆነው አንድ አገር ስላልሰጠ ነው። በውጤቱ ላይ ለውጥ የለውም፣ በመዝገቡ ላይ ግን አለው።

ምልዓተ ጉባኤም አለ፦ ስብሰባው በአንድ ሦስተኛ ሊከፈት ይችላል፣ ውሳኔ ግን አብላጫው አባል ካልተገኘ አይወሰንም። ለእናንተ ለመክፈት 8፣ ለመወሰን 12 ነው። ከምሳ በኋላ ልጅ ስለሚጎድል 8 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ስም ጥሩ።

---

ባንጁል በር

የተማሪዋን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ አይደለም፤ ከ1989 ጀምሮ ጋምቢያ፣ ባንጁል ነው። አዲስ አበባ ያሉት እሱን የሚሾሙትና ሪፖርቱን የሚቀበሉት የኅብረቱ አካላት ናቸው።

ትልቁ ልዩነት የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ጄኔቫ የሚቀመጡት አገሮች ናቸው፤ አምባሳደሩ ቢቀየር ወንበሩ የአገሩ ነው፣ ድምፁም የመንግሥቱ ነው። ባንጁል የሚቀመጡት 11 ሰዎች ናቸው። መንግሥታት ያጯቸዋል፣ ኅብረቱ በምስጢር ድምፅ ይመርጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያገለግሉት በግላቸው ነው። ከአንድ አገር ከአንድ ሰው በላይ አይገባም። የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ሲሆን እንደገና መመረጥ ይችላሉ። ሊቀመንበሩንና ምክትሉን የሚመርጡት ራሳቸው 11ዱ ናቸው፣ ለሁለት ዓመት። ምልዓተ ጉባኤው 7 ነው። ድምፅ እኩል ሲከፈል ሊቀመንበሩ ይለያል፤ ወንድሙ ከላይ ያነሳው ይሄ ነው።

ቻርተሩ በ1981 ናይሮቢ ላይ ጸድቆ በጥቅምት 21 ቀን 1986 ሥራ ላይ ውሏል። ኮሚሽኑ ከግለሰብና ከማኅበር አቤቱታ ይቀበላል። መንግሥታቱ እጃቸውን የሚያስገቡት በአንቀጽ 59 በኩል ነው፦ አንቀጹ ባለበት የቻርተሩ ምዕራፍ የሚወሰዱ እርምጃዎች የኅብረቱ መሪዎች ጉባኤ ካልወሰነ በቀር ምስጢር ሆነው ይቆያሉ። ስለዚህ 11ዱ በነፃነት ቢወስኑም ውሳኔው አደባባይ የሚወጣበት በር በመንግሥታት እጅ ነው። ጄኔቫ ተቃራኒው ነው፦ ወሳኞቹ መንግሥታት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን በዚያው ሰዓት ሰሌዳ ላይ በስም ይታያል።

ልጅቷ ሁለቱን ማወዳደር ከፈለገች ከ38ቱ 11 ተማሪ ለይታችሁ ከሰዓት በኋላ በሌላ ክፍል አንድ አቤቱታ ስጧቸው። አገር አትስጧቸው፤ በራሳቸው ስም ይቀመጡ። በአዳራሹ የወደቀው ጉዳይ እዚያ ሊያልፍ ይችላል፣ ወይም በተቃራኒው። ይህን ካደረጋችሁ ግን አባላቱን ከ23 ዝቅ አድርጉ፤ 27 ልጅ ለጄኔቫው ብቻ ይቀራል፣ ታዛቢዎቹንም ወደ ሁለት ማውረድ ይኖርባችኋል።